ከጥርስ ሳሙና የተሠራ ጣሪያ

ጋሽ ቢረሳው የተቆጣ ዕለት ዓባይ ራሱ አንድ ክንድ ወደ ኋላ ይሸሻል ይባላል። ይህን መጀመሪያ ያለው ራሱ ጋሽ ቢረሳው ነው። ይሁን እንጂ በሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በየካቲት ወር፣ ሐሙስ ጧት ከቡላቅ አል-ዳክሩር ተነሥቶ ወደ አሮጌው ካይሮ በእግሩ ሲነጉድ ያየው ሁሉ ነገሩን አምኗል። አውቶቡሱን ሁለት ጊዜ ቀደመው። ድልድዩ ላይ ያሉት አህዮች ጆሯቸውን ጥለው መንገድ ለቀቁለት። የትራፊክ ፖሊሱም ፊሽካውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ቀረ። ስሙ ቢረሳው ይሁን እንጂ ሃምሳ ሁለት ዓመት ሲኖር አንዲት ነገር ረስቶ አያውቅም፤ ቂም ደግሞ ጨርሶ።

ወሬውን ያመጣለት ጎረቤቱ ሸኽ ጀይሉ ነው። ሸኽ ጀይሉ የወሎ ሰው ነው፤ ለትምህርት መጥቶ መምህር ሆኖ የቀረ። በዚያ ጧት በሩን ሳያንኳኳ ገባና ቆመ።

«ቁጭ በል» አለው።

«ቁጭ ብዬ አይደል እንዴ ያለሁት?»

«እንግዲያው ጋደም በል። ጣሪያህን ሊገፍፉት ነው።»

ጋሽ ቢረሳው ቀና ብሎ የተከራያትን ክፍል ጣሪያ አየ።

«ይሄን አይደለም» አለ ሸኽ ጀይሉ። «የሀብተወልድን።»

ያን ጊዜ ነው ዓባይ የሸሸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አቶ ሀብተወልድ ሄሊዮፖሊስ የሚኖር የከብት ነጋዴ ነው፤ ገና አርባ ያልሞላው፣ የተማረ፣ ክራባቱን ሳያጠብቅ ቁርስ የማይቀምስ። በገዚራ ቅዳሜ በሚከፈተው የእርሻ ትርዒት ላይ፣ ሰላሌ ያለውን የከብት እርባታውን ለግብፆች በሞዴል ሊያሳይ አሰበ። በረቱን፣ የጥጃ ቤቱን፣ የድርቆሽ መጋዘኑን፣ አባቱ የሠሩትን ዋናውን ቤትም ጭምር፣ ሁሉንም ሃያ እጥፍ አሳንሶ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ አድርጎ። ግድግዳውን ለኡስታ ጊርጊስ ሰጠ። ኡስታ ጊርጊስ በአሮጌው ካይሮ፣ ከቤተ ክርስቲያኖቹ ጀርባ በምትገኝ ጠባብ መንገድ፣ የአናጢ ሱቅ ያለው ቅብጢ ነው። ጣሪያውን ግን ለጋሽ ቢረሳው ሰጠ።

ለሌላ ለማንስ ይስጠው? ጋሽ ቢረሳው በአዲስ አበባ የከደነው ቆርቆሮ ጎን ለጎን ቢዘረጋ ፀሐይ ምድርን ለማየት ፈቃድ መጠየቅ ነበረባት። አንድ ትልቅ መጋዘን በአንድ ሱባዔ ከድኗል፤ ሦስት ቤተ ክርስቲያን በአንድ ክረምት፤ ያውም በግራ እጁ፣ ቀኝ እጁን ንብ ነድፎት። ካይሮ የመጣው ከአንድ የአየር መንገድ ሹም ጋር በጥገና ሠራተኝነት ነው። ሹሙ ወደ አገሩ ሲመለስ እሱ ቀረ። የሐበሻ ቤት ሁሉ ቧንቧ ሲያፈስ የሚጠራው እሱን ነው።

ሥራውን የተቀበለ ዕለት ለሀብተወልድ አንዲት ነገር ነግሮት ነበር።

«ለመሆኑ የአባትዎን ቤት ማን እንደከደነው ያውቃሉ? እኔ ነኝ።»

ሀብተወልድ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። ግን ከደቂቃ በፊት ስለ ንቡና ስለ ሦስቱ ቤተ ክርስቲያን የሰማ ሰው ምን ያድርግ? ጋሽ ቢረሳውም ሳቁን አጣጥፎ ሆዱ ውስጥ አስቀመጠው።

ከዚያ አራት ወር ሠራ። መጀመሪያ በቅቤ ጣሳ ሞከረው። ጣሳው ሸንተረር ሲያወጡለት ጣት ይቆርጣል፣ ሲለቁት ተመልሶ ይዘረጋል። በሲጋራ ወረቀት ብር ሞከረው፤ እሱን ገና ሲተነፍሱበት ይቀደዳል። ከዚያ አንድ ቀን የአንዲት የአየር መንገድ አስተናጋጅ ቤት የመታጠቢያ ቧንቧ ሊጠግን ገብቶ፣ መሬት የወደቀ ባዶ የጥርስ ሳሙና ቱቦ ረገጠ። አነሣው። ጨመቀው። አጠፈው። አልተቀደደም፣ አልተመለሰም፤ ባጠፉት ቦታ እንደ ደህና ልጅ ቁጭ አለ።

ቧንቧው በዚያ ቀን አልተጠገነም።

ቱቦውን በመቀስ ሰንጥቆ ያጥበዋል፤ ቀለሙን በአመድና በአሸዋ ፈግፍጎ ያስለቅቃል፤ በጠርሙስ እያንከባለለ ይዘረጋዋል። ከዚያ በጣውላ ላይ የቢስክሌት ጎማ ሽቦዎች ጎን ለጎን ደርድሮ ቸንክሯል፤ ቆርቆሮዋን በሽቦዎቹ ላይ ያስተኛና በሌላ ሽቦ በየመሃሉ አንድ አንድ እያለ ይጫናታል። አንዱን ሳይጨርስ ወደ ሌላው አይሄድም። ሸኽ ጀይሉ አንድ ቀን ሊያግዘው ብሎ ሁለቱንም ጫፍ ጨብጦ መሃሉን ቢጫነው ለሁለት ተሰነጠቀበት።

«አየህ» አለው ጋሽ ቢረሳው፣ «ቆርቆሮ እንደ ሰው ነው። ሁለቱንም ጫፉን ይዘህ መሃሉን ከተጫንከው ይቀደዳል። አንዱን ጫፍ ልቀቅለት። ራሱ እየተሰበሰበ ይመጣልሃል።»

ለአንዷ ክዳን ዐሥር ሸንተረር። ዘጠኝ ከሆነ አይገባም፣ ዐሥራ አንድ ከሆነ አይገባም። አራት መቶ ዐሥራ ሁለት ክዳን።

ይህን ያህል ቱቦ ከየት ይመጣል? በዚያ ዘመን በካይሮ የነበረ ሐበሻ ሁሉ ጥርሱ እንዴት እንደነጣ የሚጠይቅ ካለ ምክንያቱ ይኸው ነው። የኤምባሲ ሰዎች ከምሳ በፊትም ከምሳ በኋላም ቦረሹ። አስተናጋጆቹ ከአቴና፣ ከሮም፣ ከቤይሩት ቱቦ ይዘው መጡ። ልጆች ሳሙናውን መሬት ላይ ጨምቀው ቱቦውን እያመጡ ተገረፉ። ሸኽ ጀይሉ እንኳ ሳይቀር ሰጠ።

«ዕድሜ ልኬን በሲዋክ መፋቂያ የኖርኩትን ሰውዬ በስተርጅና አረፋ አስበላኸኝ» እያለ።

ለእያንዳንዱም ጋሽ ቢረሳው ቃል ገብቷል። «ቅዳሜ ገዚራ ና፤ ያንተ ቱቦ የትኛው በረት ላይ እንዳለች በጣቴ አሳይሃለሁ።» ለመቶ ሰው ቃል ገብቷል። እሱ ሲያወራው ለአንድ ሺህ ነበር፤ ቢያንስ ግን ለመቶ። እንግዲህ ቅዳሜ መቶ ሰው ጥርሱን እያሳየ ይመጣል። ጣሪያውም የለም። ቢረሳው ደግሞ ሁሌም የሚያወራ፣ እጁ ላይ ግን አንዳች የሌለ ሰው ይሆናል ማለት ነው።

«ለምን?» አለ ጋሽ ቢረሳው ጫማውን እያጠለቀ። ግራውን በቀኝ እግሩ አድርጎት ነበር።

«ትናንት ሀብተወልድ ሞዴሉ ገና ጊርጊስ ሱቅ ሳለ እንግዶች ወስዶ አሳየ» አለ ሸኽ ጀይሉ። «ከሥሩ የነሐስ ጽሑፍ አለ አይደል፣ በዐረብኛ። ‹ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ ቤቶች› የሚለው። አንዱ ሹም አነበበና ሳቀ። ‹ላሞችህ ሰፊሕ ውስጥ ነው የሚኖሩት? እኛ እኮ የሰፊሕ ሰፈር እያፈረስን ነው› አለው። ሀብተወልድ ቲማቲም መሰለ አሉ። ‹ኸላስ፣ ጣሪያው ይነሣ፣ ቀይ ሸክላ መሳይ ካርቶን ይልበስ› ብሎ አዘዘ።»

«ሰፊሕ ምንድን ነው?»

«በዚህ ከተማ ሰው ሰፊሕ ሲል፣ ያዕኒ፣ የድሃ ጎጆ ማለቱ ነው። ከጣሳ ቁርጥራጭ የተለጣጠፈ።»

«ታዲያ የትኛው ደንቆሮ ነው ሰፊሕ ብሎ የተረጎመው?»

ሸኽ ጀይሉ ጥምጥሙን አስተካከለ።

«እኔ ነኝ» አለ። «በኪታብ ሰፊሕ የተዘረጋ ብረት ነው። የሰፊ ሰይፍም ስም ነው። የሰማይም ስም ነው። እኔ ሥራህን ሰማይ ብዬ ነው የጻፍኩልህ። መንገድ ላይ ምን እንደሚሉት በምን ልወቅ? ሃያ ዓመት ኪታብ ውስጥ ነው የኖርኩት፣ ካይሮ መች ኖርኩ?»

ጋሽ ቢረሳው አፉን ከፈተ። ሊሰድበው ነበር። ግን «ሰማይ» የሚለው ቃል መንገድ ዘጋበት፤ ስድቡን ለሀብተወልድ አስቀመጠና ወጣ። ሸኽ ጀይሉ ጀለቢያውን ሰብስቦ ተከተለው፤ ግን አውቶቡስ ቀዳሚን ማን ሊደርስበት።

ሱቁ ሲደርስ ኡስታ ጊርጊስ ጉጠት ይዞ ሞዴሉ ላይ አጎንብሷል። ዐሥራ አራት ክዳን ነቅሏል። ሳህን ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተከምረዋል። በረቱ ከአንድ ጎኑ ወጋግራው ብቻ ቀርቶ የታረደ በግ የጎድን አጥንት መስሏል።

ጋሽ ቢረሳው አልጮኸም። ሲቆጣ ከተማው ይናወጣል ይባል እንጂ፣ እውነተኛው ቁጣው ሲመጣ ድምፁ ይወርዳል። በዐረብኛ፣ በቀስታ፣

«ጉጠቱን አስቀምጥ» አለ።

«ማሌሽ፣ ይቅር በለኝ ቢረሳው» አለ ኡስታ ጊርጊስ። «እኔ የታዘዝኩትን ነው የምሠራው። ሥራህ ጥሩ ነው፣ ማንም መጥፎ አላለም።»

«አስቀምጥ።»

አስቀመጠ። ጋሽ ቢረሳው ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበና ክዳኖቹን አንድ በአንድ አነሣ። ሦስቱ ተጣመዋል። አንዷ በጉጠቱ ጥርስ ተነክሳለች። የተሠራችበትን ቀን ያስታውሳል፤ ዝናብ የሚመስል አሸዋ ካይሮን የሸፈነበት ቀን ነበር፣ ያቺን ክዳን ሦስት ጊዜ አበላሽቶ በአራተኛው ነው የወጣችለት። ሁሉንም ያስታውሳል። አራት መቶ ዐሥራ ሁለቱንም ያስታውሳል፤ ይህን ሲል ደግሞ አንዲት አልጨመረበትም።

ከበሩ ውጭ የመኪና በር ተዘጋ። ሀብተወልድ ገባ፤ መነጽሩን እያወለቀ። ሸኽ ጀይሉም በዚያው ቅጽበት እያለከለከ ደረሰና በሩ ላይ ተደገፈ።

«ቢረሳው» አለ ሀብተወልድ። «ደህና ነህ? ልነግርህ ነበር። አትቀየመኝ፣ የንግድ ነገር ነው።»

«እርስዎ ቃል ነው የተሳሳተብዎት» አለ ጋሽ ቢረሳው። «ቃል ሲበላሽ ጣሪያ ይገፈፋል? መጽሐፍ ሲሳሳት ቤተ ክርስቲያን ያፈርሳሉ?»

«ቃል ብቻ አይደለም። እዚህ አገር ቆርቆሮ የሚያኮራ ነገር አይደለም። ያፍሩበታል። የእነሱን ዓይን ማየት አለብኝ።»

«ላሞቹ የሚኖሩት ገዚራ ነው ወይስ ሰላሌ?»

«ሰላሌ ነው፤ ግን የሚገዛው ገዚራ ነው።»

«ታዲያ ሰላሌ ላይ በካርቶን ሸክላ ይክደኑላቸው። ሐምሌ ሲመጣ ላሞቹ ራሳቸው መልስ ይሰጡዎታል።»

ሸኽ ጀይሉ በሳል መሃል ሳቀ። ሀብተወልድ አልሳቀም።

«ቢረሳው፣ አንተ ነገር ታበዛለህ። ሁሌም ታበዛለህ። ይሄም ያው ነው፤ ለጓደኞችህ አውርተህ፣ አሁን ጣሪያው ከተነሣ አፍራለሁ ብለህ ነው።»

ይህ እውነት ነበር። እውነት ስለሆነም ጋሽ ቢረሳውን ከሁሉ ይልቅ አቃጠለው። ጣቶቹ ሳህኑ ላይ ተጨበጡ፤ ቆርቆሮዎቹ ጮኹ።

ኡስታ ጊርጊስ አማርኛውን ባይሰማም ነገሩ እንዳልጣመ ገብቶታል። ሰላም ለማውረድ ይመስላል፣ በዐረብኛ ገባ።

«ለመሆኑ ማነው ሰፊሕ ያለው? ይህ ሰፊሕ አይደለም። ሰፊሕ ማለት የጋዝ ጣሳ ተቀዶ ሲዘረጋ ነው። ይህ ሸንተረር ያለው ነው፤ ፋብሪካ ላይ የሚያለብሱት። እኛ ሳግ ነው የምንለው።»

«ሳግ?» አለ ጋሽ ቢረሳው። «እኛ አገር ሳግ ጉሮሮ ላይ ነው የሚቆመው፣ ጣሪያ ላይ አይወጣም።»

«ሳግ ብዬ ብጽፈው ኖሮ» አለ ሸኽ ጀይሉ ወደ መሬት እያየ፣ «ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።»

ሀብተወልድ ትንሽ አመነታ። ቃሉን በከንፈሩ ሞከረው። ነገሩ እዚያ ላይ በሰላም ሊያልቅ ይችል ነበር። ግን ኡስታ ጊርጊስ ደግ ሰው ነው፣ ደግ ሰው ደግሞ መቼ ዝም እንደሚል አያውቅም።

«አንዲት ነገር ብቻ ልንገርህ፣ ቢረሳው» አለ ወደ ዋናው ቤት እያመለከተ። «ሌላውን ሁሉ ውስጡን ጭምር እንደ መስታወት ፈግፍገኸዋል። ይችን ክዳን ግን ሰንፈህባታል። በመስኮት ስትታይ ቀለሟ አለ። ጽሑፉ ሁሉ ይነበባል።»

ሀብተወልድ ጎንበስ አለ። በአባቱ ቤት ትንሽ መስኮት አንድ ዓይኑን አስጠግቶ አየ። ቀና ሲል ፊቱ ደም መስሏል።

«የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ» አለ። «በአባቴ ቤት ውስጥ። አንተ ሰውዬ፣ መቶ ጊዜ ፎክረህ አንድ ጊዜ በደንብ መሥራት ያቅትሃል? ያውም ተገልብጦ።»

«አዎ ተገልብጦ» አለ ጋሽ ቢረሳው። «ቀጥ አድርጌ ብመታው ውሸታም እሆን ነበር።»

«ምን ማለት ነው?»

ጋሽ ቢረሳው ሳህኑን አስቀመጠ። ድምፁ ይበልጥ ወረደ። ይህ ቁጣ አራት ወር የተኛ ቁጣ ነበር፤ ስለዚህ አንድም ማጋነን አልቀላቀለበትም። ሸኽ ጀይሉ በኋላ ሲያወራው፣ «ቢረሳውን እንደዚያ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም፣ እንደ ሌላ ሰው አጠር አጠር አድርጎ ነው የተናገረው» ይላል።

«በሃያ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ሰኔ ሊገባ ሲል፣ አባትህ ግራዝማች ጓንጉል ቆርቆሮ ከአዲስ አበባ በአህያ አስመጡ። አንዷ አህያ ገደል ገባች። አንድ ክዳን ጎደለኝ። ዝናቡ ደርሷል። የጋዝ ጣሳ ቀድጄ ዘረጋሁና በጎደለው ልደፍን ወጣሁ። ከታች ሆነው ምን አሉኝ መሰለህ? ‹ከእንግዳ መቀመጫ በላይ እንዳታደርገው፣ ጽሑፉን ሰው ያየዋል። ከልጁ መኝታ በላይ አድርገው፤ እሱ ፊደል አያውቅም።› እኔም የፈረንጅ ፊደል አላውቅም ነበር። ገልብጬ መታሁት። ፀሐይ በምትወጣበት በኩል፣ ከታች ሦስተኛው ተራ ላይ። አሁን ያየኸው እሱን ነው።»

«እርስዎ» የሚለው ቃል የት ላይ እንደወደቀ ከሰዎቹ አንዱም አላየም።

ሀብተወልድ መልሶ ጎነበሰ። በዚህኛው ብዙ ቆየ። ጉልበቱን መሬት ላይ አሳርፎ፣ ክራባቱ የእንጨት ብናኝ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ዓይኑን በመስኮቲቱ አስገብቶ ወደ ላይ አየ። ከውጭ ከቤተ ክርስቲያኑ የሰው ድምፅ ይመጣል፤ ኡስታ ጊርጊስ ማንን መጠየቅ እንዳለበት ግራ ገብቶት ወደ ሸኽ ጀይሉ ያያል፣ ሸኽ ጀይሉ ጣቱን በከንፈሩ ላይ አድርጎለታል።

«ሰማያዊ ነበር» አለ ሀብተወልድ ሳይነሣ። «ጽሑፉ ሰማያዊ ነበር።»

«ሰማያዊ ቱቦ ሁለት ወር ፈልጌያለሁ። ከቤይሩት ነው የመጣልኝ።»

«ትምህርት ቤት የገባሁ ዓመት የፈረንጅ ፊደል ሁሉ ገልብጬ እጽፍ ነበር። አስተማሪው በማስመሪያ ጣቴን መታኝ። ከየት እንደተማርኩት ጠየቀኝ፣ አልነገርኩትም። ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለሚስቴም።»

«እኔ የመጀመሪያው ቀን ነገርኩህ» አለ ጋሽ ቢረሳው። «ሳቅህ።»

ሀብተወልድ ተነሣ። ጉልበቱ ላይ ያለውን ብናኝ አላራገፈም። ቀዩን ካርቶን ከጠረጴዛው አነሣና ግድግዳ ሥር አስቀመጠው።

«ኡስታ፣ ይሄ ይቅር» አለ በዐረብኛ። «የነሐሱ ጽሑፍ ብቻ ይቀየር። ሳግ ይባል።» ከዚያ ወደ ጋሽ ቢረሳው ዞረ፤ በዚያ ጧት ይዞት የገባው «ቢረሳው» አፉ ላይ አልመጣለትም። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንግዲህ የተነቀሉትን ይምቱልኝ። ቅዳሜ እንዲደርስ።»

ሰው ሁሉ ነገሩ አልቆ እጅ ለእጅ መጨባበጥ የቀረ መስሎት ነበር። ጋሽ ቢረሳው ግን ቁጣው ገና ግማሽ አልሄደም። አራት ወር የተቀመጠ ነገር በአንድ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አይበርድም። ሳህኑን አነሣና ሀብተወልድ እጅ ላይ አስቀመጠው፤ ቀጥሎ ትንሿን መዶሻ።

«አልመታም» አለ። «ያስነቀልካቸው አንተ ነህ። አንተ ምታቸው።»

«እኔ?»

«ዐሥራ አራት ናቸው። ሦስቱን አቃናለሁ፣ የተነከሰችውን እሠራታለሁ። መምታቱ ግን ያንተ ነው።»

ሸኽ ጀይሉ «አላህ ያጽናህ» አለና ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ሊያይ።

ሀብተወልድ ኮቱን አውልቆ ለኡስታ ጊርጊስ ሰጠው። ክራባቱን ወደ ትከሻው ወረወረ። ከሳህኑ አንዲት ክዳን በሁለት ጣቱ አንሥቶ ብርሃን ላይ አያት፣ ሸንተረሮቿን በጥፍሩ ቆጠረ። ዐሥር ናቸው። ከዚያ እየተጠነቀቀ በበረቱ አናት ላይ አስቀመጣትና መዶሻውን አነሣ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለ ጋሽ ቢረሳው።

«ልመታት ነው።»

«ከላይ?»

«ታዲያ ከየት?»

«ከታች ጀምር። የላይኛው በታችኛው ላይ ነው የሚደረበው። ካይሮ ብዙ ከረምክና ዝናብ ከወዴት እንደሚመጣ ጠፋህ።»

ሀብተወልድ ክዳኗን አነሣና ወደ ታችኛው ጠርዝ አወረዳት።